በቆሎዬ ከታች ቢጫ ሆነብኝ

ጥያቄ፦ በቆሎዬ ጉልበቴ ደርሷል። የታችኞቹ ቅጠሎች ግን ቢጫ እየሆኑ ነው። ዩሪያ ማዳበሪያ በትኜ ነበር፤ ለውጥ የለም። ዘሩ ይሆን ችግሩ?

መልስ፦ ዘሩን አይውቀሱት። አንዱን የታች ቅጠል ቀጥፈው ይዩት። ቢጫው ከጫፉ ተነስቶ በመሐል ጅማቱ ወደ ውስጥ ከገባ፣ ጠርዙ ግን አረንጓዴ ከሆነ፣ የናይትሮጅን እጥረት ነው። ተክሉ ሲቸግረው ከአሮጌው ቅጠል ቀምቶ ለአዲሱ ይሰጣል። ለዚህ ነው ከታች የሚጀምረው። የነደደው ጠርዙ ከሆነ ግን የፖታሲየም ጉዳይ ነው፤ ዩሪያ አያድነውም።

«በትኜ ነበር» ያሉት ነገር ግን አልተዋጠልኝም። ዩሪያ 46 በመቶው ናይትሮጅን ነው። እርጥብ አፈር ላይ በትነው አፈር ካላለበሱት፣ ዝናብም ከዘገየ፣ ጥቂት የማይባለው አሞኒያ ሆኖ ይተናል። እኔም በጀማሪነቴ ሠርቼዋለሁ። ሙቀት ላይ በተንኩ፣ ዝናቡ ቀረ፣ ድካሜም ገንዘቤም አየር ላይ ቀረ።

አሁን መጀመሪያ አረሙን ይንቀሉ። አለበለዚያ የሚቀልቡት አረሙን ነው። ውሃ የተኛበት ቦታ ካለ ያፋስሱት፤ ሥሩ ካልተነፈሰ ማዳበሪያ አይወስድም። ከዚያ ከግንዱ አንድ መዳፍ ያህል ርቀው ቀጭን ቦይ ያውጡ። የቀረዎትን ዩሪያ እዚያ ጨምረው ወዲያው አፈር ይመልሱበት። ዩሪያው የቅጠሉ እምብርት ውስጥ እንዳይገባ፣ ያቃጥለዋል።

ቢጫ የሆኑት አይመለሱም። ከላይ የሚወጡትን አዳዲሶቹን ይከታተሉ።