ስትስቁ አፋችሁን ለምትሸፍኑ

የስምጥ ሸለቆ ልጅን ሳቁን አይቼ አውቀዋለሁ። ገና ፈገግ ከማለቱ እጁ ወደ አፉ ይሮጣል። ጥርሱ ቡናማ ነዋ። «አይፍቅም እንዴ?» እየተባለ ነው ያደገው። በከሰል፣ በሎሚ፣ ሲብስበትም በአሸዋ ሲፈገፍገው ኖሯል።

እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት በጥርስ ሕክምና ነውና ስሙኝ፣ ልጆቼ። ያ ቀለም ቆሻሻ አይደለም። ጥርሱ ገና ድድ ውስጥ እየተሠራ ሳለ በውሃ የገባ ፍሎራይድ የሚባል ማዕድን ነው ያበላሸው። ብትፈገፍጉት የሚያልቀው ጥርሱ ነው። ሐኪም ዘንድ ግን የሚሸፈንበት መንገድ አለ።

ጥርስስ ይሸፈናል፤ እኔን የሚያሳስበኝ አጥንቱ ነው። አንድ ጊዜ በሸንኮራ እርሻ ሲሠሩ ያረጁ አባት ጥርስ ሊያስነቅሉ መጡ። ከጎናቸው ሆኜ «አባባ፣ እንደምን ዋሉ?» ስላቸው አንገታቸው አልዞረም። እግራቸውን አንስተው፣ መላ ሰውነታቸውን አዙረው አዩኝ። «ብርድ ነው ልጄ፣ ቁርጥማት» አሉኝ። ነቀልኩላቸው፣ ማስታገሻ ሰጠኋቸው፣ ሸኘኋቸው። የሚጠጡት ውሃ ከየት እንደሚቀዳ አልጠየቅኳቸውም። ዛሬም ይቆጨኛል። ፍሎራይድ ለዓመታት አጥንት ውስጥ ሲጠራቀም አከርካሪንና መገጣጠሚያን እንዲህ ያደርቃል፤ አንዴ ከደረቀ የሚመልሰው መድኃኒት የለም።

የዓለም ጤና ድርጅት በመጠጥ ውሃ ውስጥ ላለ ፍሎራይድ ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። በእኛ ስምጥ ሸለቆ ፍሎራይዳቸው በሊትር ከ10 ሚሊ ግራም የሚያልፍ ጉድጓዶች አሉ። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ እየታጠበ የሚወጣ ነው፤ ማንም አልጨመረውም። ውሃው ኩልል ያለ ነው፣ አይሸትም። እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ ማለት ይኼ ነው።

«አፍልተን እንጠጣለን» ትሉኛላችሁ። ሲፈላ ውሃው ይተናል፣ ፍሎራይዱ እዚያው ይቀራል፤ እንዲያውም መጠኑ ይብሳል። ውሃ አጋርም ጀርም ይገድላል እንጂ እሱን አይነካም። ከከሰለ አጥንት የሚዘጋጅ ማጣሪያ ይቀንሰዋል፣ ከሰሉ በየጊዜው ከተቀየረ። («የምን አጥንት ነው?» ያሉኝ ብዙ ናቸው። እውነታቸውን ነው፤ ሳይነገራቸው አያጣሩበትም።) ከቆርቆሮ የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ ካላችሁ ክሎሪን ጨምራችሁ ከስምንት ዓመት በታች ላሉት ቅድሚያ ስጡ። ጥርሳቸው ገና እየተሠራ ነው።

ሰፈራችሁ አዲስ ጉድጓድ ከተቆፈረ ደግሞ ሪባኑ ሳይቆረጥ «ፍሎራይዱ ስንት ነው?» በሉ። «ንጹሕ ነው» ካሏችሁ ድገሙት፦ ስንት?