የኪሮሽ ጥያቄዎቻችሁ፦ የሚርገበገብ ዳንቴል፣ የእጅ ዋጋ እና ቢጫ የሆነው የአልጋ ልብስ

ባለፈው እትም ስለ ኪሮሽና ዳንቴል የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ብዙ ደብዳቤ ነው የመጣው፣ በጣም ደስ ብሎኛል። ሁሉንም እዚህ መመለስ ስለማልችል ተደጋግመው የተጠየቁትን መርጫለሁ።

ሰላም እህቴ። ከዩቲዩብ እያየሁ ነው ኪሮሽ የጀመርኩት። ክብ የጠረጴዛ ዳንቴል ስሠራ መሃሉ ቆንጆ ሆኖ ይጀምርና ጠርዙ እየተርገበገበ የቀሚስ ዘርፍ ይመስላል። ሌላ ጊዜ ደግሞ ይጎደጉድና ኮፍያ ይሆናል። እጄ ነው ወይስ ክሩ?
*ጀማሪዋ፣ ከአዳማ*

እጅሽም ክሩም አይደለም የኔ ቆንጆ፣ ቁጥሩ ነው። ክብ ነገር ጠፍጣፋ ሆኖ እንዲተኛ በየዙሩ የሚጨመረው እኩል መሆን አለበት። በሲንግል ክሮሼ፣ ማለትም በአጭሩ የኪሮሽ አሠራር፣ ከሆነ በ6 ቀለበት ጀምሪ። ሁለተኛው ዙር 12፣ ሦስተኛው 18፣ አራተኛው 24 እያለ ይሄዳል፣ በየዙሩ 6 ነው የሚጨምረው። ደብል ክሮሼ ቁመቱ ስለሚረዝም በ12 ተጀምሮ በየዙሩ 12 ይጨመርበታል። ከዚህ ካበዛሽ ይርገበገባል፣ ካሳነስሽ ይጎደጉዳል። ዙሩ የጀመረበት ቦታ ላይ ሌላ ቀለም ያለው ቁራጭ ክር አስገቢበት፣ ቆጠራው አይጠፋብሽም።

አንድ ሌላ ነገር አለ፣ ዩቲዩብ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት። አሜሪካኖች ሲንግል የሚሉትን እንግሊዞች ደብል ይሉታል፣ የአሜሪካኖቹ ደብል ደግሞ እንግሊዞች ጋ ትሬብል ነው። ስለዚህ ቪዲዮው የማን እንደሆነ ሳታዪ ከጀመርሽ ቁጥሩን በትክክል ቆጥረሽም ሥራው ሌላ ነገር ሆኖ ይወጣል። መጀመሪያ እሱን አጣሪ።

የተርገበገበውን ግን ፈትተሽ አትጣዪው። እ.ኤ.አ. በ1997 ዳይና ታይሚና የምትባል የላትቪያ ተወላጅ የሂሳብ ሊቅ፣ አሜሪካ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ እያለች፣ ሆን ብላ በየዙሩ አብዝታ እየጨመረች የተርገበገበ ኪሮሽ ሠራች። ለምን መሰለሽ? ሃይፐርቦሊክ የሚባለው፣ ገጹ እየተርገበገበ የሚሰፋው የጂኦሜትሪ ዓይነት በወረቀት ለማሳየት አስቸጋሪ ነው። በኪሮሽ ግን ተማሪ በእጁ ይዞ፣ አጥፎና ዘርግቶ ያየዋል። በኋላ ማርጋሬትና ክሪስቲን ዌርትሃይም የሚባሉ እህትማማቾች እ.ኤ.አ. በ2005 ከዚሁ ተነስተው የባሕር ኮራል በኪሮሽ መሥራት ጀመሩ፣ ብዙ አገር ያሉ ሴቶችም እየሠሩ አዋጡበት። ያንቺ "የተበላሸ" ዳንቴል ያለው እዚያ ውስጥ ነው። ትንሽ ቀጥዪበትና አበባ አድርጊው።

እትዬ ጤና ይስጥልኝ። ቤት ሆኜ ልጆቼን እያሳደግኩ የሕፃናት ኮፍያና የሶፋ ዳንቴል ሠርቼ እሸጣለሁ። ዋጋ ስናገር ሰው ሁሉ "ክር ብቻ አይደል እንዴ?" ይለኛል። ዘመድና ጎረቤትማ በነጻ ነው የሚጠብቀው። ስንት ልበል?
*የሁለት ልጆች እናት፣ ከሐዋሳ*

ይሄን ጥያቄ የላከችው አንድ ሴት ብቻ አይደለችም። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልስ።

መጀመሪያ ሰዓትሽን ጻፊ። የምሬን ነው፣ ደብተር ያዢ። ልጅ ተኝቶ የሠራሽውን ግማሽ ሰዓት፣ ቡና እየጠጣሽ የሠራሽውን ሃያ ደቂቃ፣ ሁሉንም መዝግቢ። ብዙዎቻችን አንድ የሶፋ ዳንቴል ስንት ሰዓት እንደሚበላ አናውቅም፣ ዋጋ ስንጠየቅ የምናፍረውም ለዚህ ነው። ከዚያ የሰዓትሽን ዋጋ ወስኚ። ለምሳሌ የክሩ ዋጋ 400 ብር ቢሆን፣ ሥራው 12 ሰዓት ቢፈጅ፣ ሰዓትሽን ደግሞ በ60 ብር ብትቆርጪው፣ የእጅሽ 720 ብር ነው። በድምሩ 1,120። የሰዓቱን ዋጋ እንደ ችሎታሽና እንደ ገበያሽ ታስተካክዪዋለሽ፣ ግን ዜሮ ሊሆን አይችልም። "ክር ብቻ" የሚል ሰው ሲመጣ ክሩን ብቻ ስጪውና ቤቱ ይሥራው።

ትእዛዝ ያለ ቀብድ አትቀበዪ። ቢያንስ የክሩን ወጪ የሚሸፍን ቀብድ ይክፈልሽ። ሰው ቀብድ ከከፈለ ሐሳቡን አይቀይርም፣ አንቺም በኪስሽ ገንዘብ ክር ገዝተሽ አትቀሪም። ለዘመድ ደግሞ ስጦታና ሽያጭን ለዪ። ለወለደች እህትሽ ኮፍያ መስጠት ደስታ ነው፣ ስጪ። ለጎረቤት ጓደኛ እህት ሠርግ ስድስት ትራስ ልብስ ግን ሥራ ነው። "ክሩን አምጪና እጄን በቅናሽ አደርግልሻለሁ" ማለት ይቻላል፣ ማንም አይቀየምም። የተቀየመም ካለ ድሮም ሊከፍል አላሰበም።

የእጅ ሥራ "ጊዜ ማሳለፊያ" ሲባል ስሰማ ያመኛል። እ.ኤ.አ. ከ1845 ጀምሮ አየርላንድ ውስጥ ድንቹ በበሽታ ሲያልቅና ሕዝቡ ሲራብ ብዙ ቤተሰብ በኪሮሽ ነው የቆየው። መነኮሳት በየገዳሙ ሴቶችን አስተማሩ። ክሎንስ በምትባል ትንሽ ከተማ ደግሞ በ1847 የቄስ ሚስት የነበረችው ካሳንድራ ሃንድ ሥራውን አስጀመረች። አሠራራቸው ለእኛም ይጠቅማል። አንዷ ጽጌረዳ ብቻ፣ አንዷ ቅጠል ብቻ ትሠራለች፣ በመጨረሻ ሁሉም በቀጭን መረብ ይገጣጠማል። ሐዋሳ ላይ ሦስት አራት ጎበዝ ሴቶች ካገኘሽ ትልቅ የአልጋ ልብስ ትእዛዝ በዚህ መንገድ ተከፋፍላችሁ መቀበል ትችላላችሁ። ብቻ አንዷ አጥብቃ ሌላዋ አላልታ ስለምትሠራ፣ ሁላችሁም መጀመሪያ አንዳንድ አበባ ሠርታችሁ በሜትር ለኩት። ካልተመሳሰለ አላልታ የምትሠራዋ በቀጠነ ኪሮሽ (መንጠቆውን ማለቴ ነው) ትሥራ።

ሱቅ ውስጥ የኪሮሽ ልብስ በጣም በርካሽ አያለሁ። ማሽን ነው የሠራው አይደል? ከማሽን ጋር እንዴት ይወዳደሯል?
*ግራ የገባት፣ ከአዲስ አበባ*

ገበያ ውስጥ እውነተኛ ኪሮሽን እንደ እጅ አድርጎ የሚያመርት ማሽን የለም። ሹራብ በማሽን ይሠራል፣ ምክንያቱም የሹራብ ቀለበቶች መርፌ ላይ ተሰልፈው አብረው ይቆያሉ። ኪሮሽ ላይ ግን እያንዳንዱ ብቻውን ነው የሚጠናቀቀው። ቀጥሎ ኪሮሹ የትኛው ቀዳዳ እንደሚገባ እጅ ነው የሚወስነው፣ ወደ ኋላ ቢመለስም፣ ወደ ጎን ቢሄድም ይችላል።

ስለዚህ ርካሹ ልብስ ከሁለት አንዱ ነው። ወይ ኪሮሽ እንዲመስል በሹራብ ማሽን የተሠራ ነው፣ ወይ ደግሞ በእውነት ኪሮሽ ነው፣ ያኔ የሆነ አገር ያለች ሴት በእጇ ሠርታዋለች፣ የተከፈላት ግን ትንሽ ነው። ሁለተኛው ነው እኔን የሚያሳዝነኝ። ለመለየት ጠጋ ብለሽ እዪ። ኪሮሽ ከሆነ ከላይኛው ጠርዝ የሹሩባ ጉንጉን የሚመስል መስመር ታገኛለሽ፣ በጀርባው ደግሞ ተደብቆ የተሰፋ የክር ጫፍ አይጠፋም። የማሽኑ ብዙ ጊዜ ብዙ ቀጫጭን ክሮች አብረው የሚሮጡበት ነው፣ ስትጎትቺው እንደ ካልሲ ይለጠጣል። ውድድሩን ተዪው። ማሽን የማይሠራውን ነው የምትሠሪው፣ ያንን ለደንበኛሽ አሳይተሽ ንገሪያት።

ሥራሽን እወደዋለሁ። አዲስ ዲዛይን ሁልጊዜ ከየት ነው የምታመጪው? እኔ የሌላ ሰው ከመቅዳት አልወጣሁም።
*የዳንቴል ወዳጅ፣ ከባሕር ዳር*

መቅዳት ለመማር ጥሩ ነው፣ ሁላችንም ያደግነው ከእናትና ከጎረቤት ዳንቴል ላይ እየቀዳን ነው። ግን ስልክ ላይ ያለውን ዓለም ሁሉ የሚቀዳውን አንቺም ስትቀጂ ሥራሽ የማንም ይሆናል። እኔ የምነሳው ቤት ውስጥ ካለው ነው።

የነጠላሽን ጥበብ እዪ። ሸማ የድርና የማግ መስቀለኛ ስለሆነ የጥበቡ ቅርጽ ሁልጊዜ በደረጃ ደረጃ ነው የሚወጣው፣ ጠጋ ስትዪው ትንንሽ አራት ማዕዘኖች ናቸው። ፊሌ የሚባለው የኪሮሽ ዓይነትም እንዲሁ ነው፦ መረብ ትሠሪያለሽ፣ አንዱ ካሬ ባዶ፣ አንዱ በደብል የተሞላ። ስለዚህ ባለ ካሬ የሂሳብ ደብተር ገዝተሽ የጥበቡን አንድ ቅርጽ ካሬ በካሬ አጥቁሪው። ያ ወረቀት ንድፍሽ ሆነ። እኔ ብዙ የመስኮት መጋረጃ የሠራሁት በዚህ መንገድ ነው፣ ብርሃን ሲያልፍበት ጥበቡ ግድግዳ ላይ ይወርዳል።

መሶብና የሐረር ስፌት ደግሞ ሌላ ሀብት ናቸው። ስፌት ከመሃል ተነስቶ እየዞረ ነው የሚያድገው፣ ክብ ኪሮሽም እንደዚያው። ቀለም አወጣጡን ቁጭ ብለሽ ቁጠሪ። አንድ ነገር ግን ያስቸግርሻል። በሲንግል እየዞርሽ ስትሠሪ ሁሉም ትንሽ ወደ ቀኝ ያዘነብላል፣ ቀጥ ብሎ መውጣት ያለበት መስመር ከአስር ዙር በኋላ ጠመም ይላል። ይሄን ለመቀነስ፣ ኪሮሹን ቀዳዳው ውስጥ ካስገባሽ በኋላ ክሩን ከላይ ጠምጥመሽ ከምታወጪው ከሥር ጠልፈሽ አውጪው። ቅርጹ መስቀል ይመስላል፣ ጠበቅ ይላል፣ መዝመሙም ይቀንሳል። ወይም ደግሞ ዝንባሌውን ተቀበይውና የሚዞር መስመር አድርገሽ ንደፊበት፣ እኔ አሁን አሁን ይሄን ነው የምወደው።

ክርም ለውጪ። በእጅ የተፈተለ ማግ ሞክረሽ ታውቂያለሽ? ወፍራምና ቀጭን እየሆነ ይመጣል፣ ኪሮሹ ክሩን ይሰነጥቀዋል፣ መጀመሪያ ያናድዳል። ግን 4 ሚሊሜትር በሆነ ኪሮሽ፣ እጅሽን ላላ አድርገሽ ከሠራሽው አንገት ላይ የሚያርፍ እንደዚያ ዓይነት ለስላሳ ሻርፕ ከየትም አታገኚም። ሳትጀምሪ ክሩን ለብ ባለ ውሃ ዘፍዝፈሽ አድርቂው፣ አለበለዚያ ሠርተሽ ስታጥቢው ይሸበሸባል።

እና ደግሞ በየጊዜው የማይሸጥ አንድ ነገር ሥሪ። ትእዛዝ ብቻ የሚሠራ እጅ ይደርቃል። ለማንም የማታሳዪው፣ ፈትተሽ ደግመሽ የምትሠሪው፣ ቀለሙ የማይገጥም ቢሆን ግድ የማይሰጥሽ ነገር። የእኔ ጥሩ ጥሩ ሥራዎች የተነሱት ከእነዚህ ቁርጥራጮች ነው።

ወንድ ነኝ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ። ኪሮሽ መማር እፈልጋለሁ፣ ግን ጓደኞቼ ይስቁብኛል።
*ስሜ ይቆይ፣ ከጎንደር*

ወንድሜ፣ ሽሮ ሜዳ ሄደህ የሚሸጠውን ሸማ እይ። የሸመነው ማን ነው? ዶርዜም ሂድ፣ ሴቶቹ ይፈትላሉ፣ ወንዶቹ ይሸምናሉ። ክር ይዞ መቀመጥ ለኢትዮጵያ ወንድ አዲስ ነገር አይደለም። ፈዘዝ ያለ ቀለም ያለው ወፈር ያለ ክርና 4 ሚሊሜትር ኪሮሽ ገዝተህ ጀምር። ጥቁር ክር አትግዛ፣ ቀዳዳው አይታይህም። ለጓደኞችህ ኮፍያ ስትሠራላቸው ሳቁ ያልቃል።

እናቴ በወጣትነቷ የሠራችው የአልጋ ልብስ ዳንቴል አለኝ። እሷ ካረፈች በኋላ ሻንጣ ውስጥ አስቀምጬው ስከፍተው ቢጫ ሆኗል፣ አንድ ሁለት ቦታም ተበጥሷል። ላጥበው ፈራሁ።
*ከዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ*

እናትዎን ነፍስ ይማር። አይፍሩ፣ የጥጥ ክር ከሆነ ይመለሳል።

ከማጠብዎ በፊት የተበጠሰውን ይያዙት። ውሃ ውስጥ ከገባ ቀዳዳው ይሰፋል። በተመሳሳይ ነጭ የጥጥ ክር የተፈቱትን ቀለበቶች አንድ በአንድ በመርፌ ይለፉባቸውና ላላ አድርገው ይሰሯቸው። በደንብ የሚጠግን ሰው እስኪያገኙ ያቆየዋል።

ከዚያ ገንዳ ውስጥ ለብ ያለ ውሃና ለስላሳ ሳሙና አድርገው ይዘፍዝፉት። ውሃው ቢጫ ሲሆን ይለውጡት፣ እንደገና ይዘፍዝፉ። ቢጫነቱ ካልለቀቀ ክሎሪን የሌለበት፣ ኦክስጅን የሚባለው ማንጫ ዱቄት በትንሹ ይጨምሩ። በረኪና ግን በፍጹም፣ ያረጀ ጥጥ ይበላል። አይሹት፣ አይጭመቁት፣ እየያዙም አያንሱት። እርጥብ ዳንቴል ይከብዳል፣ በራሱ ክብደት ይበጠሳል። ከሥሩ አንሶላ አንጥፈው በአንሶላው ያውጡት፣ በፎጣ ጠቅልለው ውሃውን ይምጠጡለት። መሬት ላይ ንጹሕ ፎጣ ዘርግተው ቅርጹን በእጅዎ እያስተካከሉ ያድርቁት፣ ገመድ ላይ አይሰቀልም።

ድሮ እናቶቻችን ዳንቴሉ እንዲቆም በስኳር ውሃ ወይም በስታርች ያደርቁት ነበር። ለሚነጠፍ ጥሩ ነው፣ ለሚቀመጥ ግን ነፍሳት ይጠራል። ሊያስቀምጡት ከሆነ ያለ ምንም ስታርች፣ ሳይታጠፍ ተጠቅልሎ፣ በነጭ የጥጥ ጨርቅ ተሸፍኖ ይቀመጥ። ፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ አያስገቡት። የሚቻልዎት ከሆነ ግን ለበዓል ለበዓል አውጥተው ያንጥፉት፣ በየጊዜው ሲታጠብና አየር ሲያገኝ ቢጫው ቶሎ አይመለስበትም።