ድንገተኛ ክፍል የሚጨናነቀው ከመግቢያው ነው ወይስ ከመውጫው?

በቅርቡ የአንድ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል የድንገተኛ ክፍል ኃላፊ የሆኑ የቡድናችን አባል፣ «ታካሚ ይበዛብናል፣ ወረፋው ይረዝማል፣ የመድኃኒት ስህተት ሊደርስ ለጥቂት የተረፍንባቸው አጋጣሚዎችም አሉ፤ ተጨማሪ በጀትና የሰው ኃይል ሳይኖር ከምን ልጀምር?» ሲሉ ጠይቀዋል። ጎንደር ውስጥ በድንገተኛ ክፍል ነርስነት ለዓመታት ስሠራ ካየሁት ተነሥቼ እመልሳለሁ።

መጨናነቅ ሲነሣ የሁላችንም ዓይን የሚሄደው ወደ በሩ ነው። እርስዎ ግን ለተወሰኑ ቀናት ጥቂት ታካሚዎችን እየመረጡ ከበር እስከ መውጫ ሰዓታቸውን ይመዝግቡ፤ መቼ እንደደረሱ፣ ትሪያጅ (በሕመማቸው ክብደት ቅደም ተከተል የመለየት ሥራ) መቼ እንደተሠራላቸው፣ ሐኪም መቼ እንዳያቸው፣ የላብራቶሪ ውጤት መቼ እንደመጣ፣ «ይተኛ» መቼ እንደተባለና አልጋ መቼ እንደተገኘ። እኔ በማውቃቸው ክፍሎች ረጅሙ ክፍተት ሁልጊዜ ማለት ይቻላል የመጨረሻው ነው። የእኛን ሕክምና የጨረሰ ታካሚ የዋርድ (የተኝቶ ታካሚዎች ክፍል) አልጋ እየጠበቀ ኮሪደር ላይ ያድራል፤ የዋርዱ ሐኪም ገና ስላልተረከበው፣ የእኛው ተረኛ ደግሞ አዲስ የገባውን ስለሚያይ፣ በመካከል የማንም ያልሆነ ሰው ይሆናል። የሚያመልጠው የአንቲባዮቲክ ሰዓት፣ ሳይታይ የሚወርደው የደም ግፊት በአብዛኛው የእንዲህ ዓይነቱ ታካሚ ነው። ስለዚህ ፍጥነትንና ደኅንነትን ሁለት የተለያዩ ሥራዎች አድርገው አይያዟቸው።

አልጋው የሚዘገይበት ምክንያት ደግሞ ብዙ ጊዜ ተራ ነገር ነው። ዋርድ ውስጥ ዲስቻርጅ (የመውጫ ፈቃድ) የሚጻፈው ራውንድ (ሐኪሞች ታካሚዎችን ከአልጋ አልጋ እየዞሩ የሚያዩበት ሥራ) ሲያልቅ፣ ማለትም እኩለ ቀን ገደማ ነው፤ ከዚያ በኋላ አስታማሚው መድኃኒት ይገዛል፣ ሂሳብ ይዘጋል፣ የጤና መድን ወረቀት ያስፈርማል። ራቅ ካለ የጭልጋ ወይም የዳባት ቀበሌ የመጣ ሰው ይህን ሁሉ ጨርሶ ሲወጣ መኪና ስለማያገኝ እዚያው አልጋ ላይ ያድራል። ራውንዱ ሊወጡ ከተቃረቡት ታካሚዎች ቢጀምር፣ የመድኃኒት ማዘዣቸው በዋዜማው ቢጻፍና የአልጋ ድልድሉን የሚያስተባብረው ላይዘን ክፍል የሚለቀቁትን አልጋዎች ዝርዝር ጠዋት ቢይዝ፣ አንድ ብር ሳይወጣ በየቀኑ ጥቂት አልጋ ይተርፋል።

ወደ ትሪያጅ ስመጣ፣ ብዙዎቻችን የምናውቀው የደቡብ አፍሪካው የትሪያጅ ሚዛን፣ ታካሚን በቀለም የሚለየው፣ ቀይ ወዲያውኑ፣ ብርቱካናማ በ10 ደቂቃ፣ ቢጫ በ1 ሰዓት፣ አረንጓዴ በ4 ሰዓት ውስጥ እንዲታይ ይጠይቃል። ቀለሙ ግን ታካሚው በተለካበት ቅጽበት የነበረበትን ሁኔታ ብቻ ነው የሚናገረው። ከመተማ እርሻ በትኩሳት የመጣን የቀን ሠራተኛ ያስቡ፤ በእግሩ ገብቷል፣ አይጮህም፣ አያስቸግርም፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ስሙን ሲጠይቁት ሌላ ነገር ይመልሳል። ጸጥታው ትዕግሥት ሳይሆን አእምሮውን የነካ ከባድ ወባ ወይም የወረደ የደም ስኳር ሊሆን ይችላል፤ ጣቱን ወግቶ ስኳሩን ለማየት አንድ ደቂቃ እንኳ አይፈጅም። ስለዚህ ቢጫና አረንጓዴ ወንበር ላይ ያሉትን በየሰዓቱ ዞሮ የሚለካ አንድ ሰው በስም ይመደብ፤ «ሁላችንም እናያቸዋለን» ማለት ማንም አያያቸውም ማለት ነው። የካርድና የክፍያ ጉዳይ ትሪያጁን እንዳይቀድም ማድረግ ግን ክርክር የሚያስፈልገው አይመስለኝም።

ስለ መድኃኒት ስህተት አንድ ነገር ብቻ ማድረግ ከቻሉ፣ በስሪንጅ የተቀዳ መድኃኒት ሁሉ ወዲያው በፕላስተር ላይ ስሙና መጠኑ ተጽፎበት ይለጠፍ፤ ያልተጻፈበት ስሪንጅ፣ ማን እንደቀዳው ቢታወቅም እንኳ፣ ይጣል። በስህተት ቢወጋ ልብ ሊያቆም የሚችለው ያልተበረዘ ፖታሲየም ክሎራይድ ከሌሎቹ አምፑሎች ጋር በአንድ መሳቢያ እንዳይቀመጥ፣ በቃል የታዘዘ መድኃኒትም ነርሷ ጮክ ብላ ደግማው ሐኪሙ ሳያረጋግጥ እንዳይሰጥ። እንደኛ ባለ አካባቢ የአንድ ሰው ስም ከነአባቱ ስም በአንድ ክፍል ሁለት ጊዜ መገኘቱ ብርቅ ስላልሆነ፣ ከስሙ ጋር የካርድ ቁጥሩ መታየት አለበት።

ኦክስጅንን በተመለከተ፣ ሲሊንደሩ «አለ» ተብሎ መረከብ አደገኛ ልማድ ነው። 40 ሊትር የሚይዝ ሲሊንደር ጌጁ (የግፊት መለኪያው) 150 ባር ሲያሳይ በውስጡ 6,000 ሊትር ያህል ጋዝ አለ፤ በደቂቃ 5 ሊትር ለሚወስድ ታካሚ 20 ሰዓት ሲበቃ፣ 15 ሊትር ለሚወስደው ግን ሰባት ሰዓት እንኳ አይሞላም። ማታ 2 ሰዓት የተረከበ ተረኛ ይህን ስሌት ካልሠራ ሌሊቱን በጭንቀት ያነጋል። ርክክቡም ጠረጴዛ ከብቦ ሳይሆን ከአልጋ ወደ አልጋ እየተሄደ፣ የጌጁ ንባብ፣ ያልተሰጠው መድኃኒትና የሚጠበቀው ውጤት እየተነገረ ይሁን።

እኛ ጋ ጥምቀት ሲቃረብ ይህ ሁሉ በግድ ይፈተናል። በከተራና በጥምቀት ቀን ፋሲለደስ መዋኛ ዙሪያ የሚሰበሰበው ሕዝብ ስፍር ቁጥር የለውም፤ አስቀድሞ አልጋ ያላስለቀቀ ድንገተኛ ክፍል በዚያን ዕለት ማጣፊያው ያጥረዋል። ለበዓል የሚደረገው አልጋ የማስለቀቅ ሩጫ በአዘቦቱ ቀን የማይደረግበት ምክንያት እስከ ዛሬ አይገባኝም።

የዋርድ ራውንድ ሰዓትን መለወጥ ከእርስዎ ሥልጣን በላይ ስለሆነ፣ ዋርዶቹን በቃል ለመለመን አይሂዱ። መጀመሪያ የመዘገቡትን የሰዓት ዝርዝር ለሜዲካል ዳይሬክተሩ ያቅርቡና፣ የዋርድ ኃላፊዎችና ላይዘኑ ባሉበት በየጠዋቱ አጭር የአልጋ ስብሰባ እርሳቸው ራሳቸው እንዲመሩ ይጠይቁ፤ ስብሰባውን የድንገተኛ ክፍል ኃላፊ ከጠራው ግን የሚመጣ አይኖርም።