ሃያሲ የረገመው፣ ተመልካች ያልተወው «ሊፕ ዪር»፦ ጥያቄና መልስ

ባለፈው ሳምንት «ሊፕ ዪር» (ፌብሩዋሪ 29 ያለበት ዓመት ማለት ነው) የሚባለውን የፍቅር ኮሜዲ ፊልም በጨረፍታ ባነሳ ጥያቄው ስለበዛ፣ ዛሬ ማታ ሻዬን ይዤ ቁጭ ብያለሁ፤ የቻልኩትን እመልሳለሁ። ለማታውቁኝ፦ አዲስ አበባ ውስጥ ቪዲዮ ቤት ነበረኝ፤ ላለፉት አሥር ዓመታት ደግሞ የምኖረው አየርላንድ፣ ኮርክ ከተማ ነው።

ፊልሙን ላላያችሁት፦ አና የምትባል የቦስተን ሴት፣ የልብ ሐኪም የሆነው ፍቅረኛዋ የጋብቻ ጥያቄ እንዲያቀርብላት ጠብቃ ጠብቃ ይደክማታል። በአየርላንድ ልማድ ሴት ወንድን ለጋብቻ የምትጠይቀው በአራት ዓመት አንዴ በምትመጣው ፌብሩዋሪ 29 ነው መባሉን ሰምታ፣ ለስብሰባ ደብሊን የሄደውን ሰው ተከትላ ትበራለች። አውሮፕላኗ በማዕበል ምክንያት ዌልስ ውስጥ ካርዲፍ ያርፋል፤ በጀልባ ስትሻገር ዲንግል ትደርሳለች። እዚያ ዴክላን የሚባል ነጭናጫ የመጠጥ ቤት ባለቤት በ500 ዩሮ ደብሊን ሊያደርሳት ይስማማል። የቀረውን መገመት አያቅታችሁም። ኤሚ አዳምስና ማቲው ጉድ የተወኑበት፣ አናንድ ተከር ያዘጋጀው ፊልም ነው። አሜሪካ ሲኒማ ቤት የገባው እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2010 ነው። ያ ዓመት ፌብሩዋሪ 29 አልነበረውም፤ ነገሩ ከመነሻውም እንዲህ ነው።

ጋሼ፣ እኔ ሦስት ጊዜ አይቼው ሦስቱንም ጊዜ ወድጄዋለሁ። ሃያስያኑ ምን ሆነው ነው እንዲህ የጠመዱት?

መጥመዳቸውስ እውነት ነው። ግምገማዎችን ሰብስቦ በመቶኛ በሚያስቀምጠው «ሮተን ቶሜቶስ» ላይ በጎ ቃል የሰጡት ከአራት ሃያስያን አንዱ ገደማ ብቻ ናቸው። የኒው ዮርክ ታይምሱ ኤ. ኦ. ስኮት ፊልም ሊባል የሚችለው በቴክኒካዊ ትርጉሙ ብቻ ነው እስከ ማለት ደርሷል።

ግን ቁጣው ሁለት ዓይነት መሆኑን ልብ በሉ። አሜሪካኖቹን ያስቆጣቸው የታሪኩ አሮጌነት ነው። የማይዋደዱ ሁለት ሰዎች መንገድ ያገናኛቸዋል፣ ማደሪያ ለማግኘት ባልና ሚስት ነን ብለው ይዋሻሉ፣ በመጨረሻም ይዋደዳሉ። ይህን «ኢት ሃፕንድ ዋን ናይት» እ.ኤ.አ. በ1934 ሠርቶት አምስቱን ዋና ዋና ኦስካሮች ጠርጎ ወስዷል። ከ76 ዓመት በኋላ ያንኑ ይዞ የሚመጣ ሰው ቢያንስ ጨዋታ ያውቃል ተብሎ ይጠበቃል። እዚህ ግን መኪናው ወደ ውኃ ይንሸራተታል፣ ቁም ሣጥኑ ይወድቃል፣ ስልኳን ቻርጅ ላድርግ ስትል የመንደሩ መብራት ድርግም ይላል። ሳቁ በአብዛኛው ከመውደቅና ከመሰበር የሚመጣ ነው።

የአየርላንዶቹ ሌላ ነው። በአይሪሽ ታይምስ ዶናልድ ክላርክ ከአምስት ኮከብ አንድ ብቻ ሰጥቶ፣ ሆሊውድ አየርላንዳዊን ወይ የአይአርኤ (የአየርላንድ ሪፐብሊካን ጦር) ታጣቂ ወይ የገጠር ጅል ከማድረግ ውጪ ሌላ አያውቅም ብሎ ነደደ። የአይሪሽ ኢንዲፔንደንቱ ፖል ዊቲንግተን ደግሞ «ፓዲዋከሪ» የሚለውን ቃል መዘዘ። ያኛው ወገን ሰለቸን ሲል ይኼኛው ተሰደብን ነው የሚለው።

«ፓዲዋከሪ» የምትሉት ምንድን ነው? አልገባኝም።

ፓዲ የፓትሪክ ማቆላመጫ ነው፤ እንግሊዞች አየርላንዳዊን ሁሉ በጅምላ የሚጠሩበት ስምም ሆኖ ኖሯል። በለንደን መድረኮች ከጥንት ጀምሮ አየርላንዳዊ ከተባለ ጠጪ፣ ወሬኛ፣ ልቡ ደግ፣ ራሱ ግን ባዶ ሆኖ ነው የሚቀርበው። ዛሬም ያንን ስዕል አሳምረው ለቱሪስት ሲሸጡት ፓዲዋከሪ ይባላል። በእኛ አገር አንዳንድ ኮሜዲ ላይ ባላገሩን አፉን አጣመው እያናገሩ፣ የከተማውን ሰው ሁሉ እያስደነገጡ የሚያስቁበትን አስቡት። ከተሜው ይስቃል፤ ከዚያው ገጠር የመጣው ተመልካች ወንበሩ ላይ ይቁነጠነጣል።

እኔ ነገሩ የገባኝ በማፈር ነው። ኮርክ በገባሁ በመጀመሪያው ክረምት አከራዬን፣ ዲንግል ያለችበት የኬሪ አውራጃ ተወላጅ የሆኑትን የሰባ ዓመት ሴት፣ «የአገርዎን ፊልም ላሳይዎት» ብዬ ጋበዝኳቸው። ሹራብ ይሠሩ ነበር። መጠጥ ቤቱ ውስጥ ሽማግሌዎቹ ስለ ገድና ስለ ክፉ ምልክት ሲጨቃጨቁ መርፌዎቹ ቆሙ። «እነዚህ ሰዎች ቴሌቪዥን የላቸውም?» አሉኝ። ቆየት ብለው ደግሞ «ሥራስ የላቸውም?» አሉ። እኔ እዚያው ሶፋ ላይ ሟሟሁ። አዲስ አበባ ሳለሁ ያንን ትዕይንት ስንት ጊዜ ስቄበታለሁ!

የካርታው ነገር ብዙ ሲወራ እሰማለሁ። ያን ያህል ስህተት አለው?

እንዴታ! ዌልስና አየርላንድ ፊት ለፊት ናቸው። ከዌልስ የሚነሡት መርከቦች የሚያርፉት ዌልስን በሚያየው በምሥራቁ ዳር፣ ደብሊን ወይም ሮስሌር ነው። ዲንግል ያለችው በደቡብ ምዕራብ ጫፍ፣ ከዚያ ወዲያ አትላንቲክ ብቻ የሚታይበት ነው። (ስሟን በአማርኛ ስጽፍ ፊደሏን እንዳላሳስት ሁሌ እጠነቀቃለሁ።) እዚያ ለመድረስ የዓሣ አጥማጅ ጀልባ የአገሪቱን ደቡብ በሙሉ መዞር አለበት። ከአዲስ አበባ ደሴ እሄዳለሁ ብሎ ተነሥቶ ጅማ እንደመገኘት ነው።

ከዲንግል ደብሊን 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በመኪና አራት ሰዓት ተኩል ቢፈጅ ነው። እዚያው ኬሪ ውስጥ አውሮፕላን ማረፊያ አለ፤ ባቡርም አለ። አና ግን ቀናት ትፈጃለች። አከራዬ በጣም የሳቁት እዚህ ላይ ነው፤ ስድብም አልመሰላቸው።

ፊልሙ እንዲህ ማድረግ የነበረበት ለምን እንደሆነ ግን ግልጽ ነው። በአራት ሰዓት ተኩል ሰው አይዋደድም።

ተዋናዩ ራሱ ፊልሙን ሰድቦታል የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው፤ ማቲው ጉድ ለእንግሊዙ ቴሌግራፍ ጋዜጣ በሰጠው ቃለ ምልልስ፣ የ2010 መጥፎ ፊልም ይኼ ነው የሚሉ ብዙ ሰዎች እንደሚኖሩ አውቃለሁ ብሏል። ሥራውን የተቀበለውም ከቤቱ እንዳይርቅ፣ አጋሩንና አዲስ የተወለደች ልጁን ማየት እንዲችል መሆኑን አልደበቀም። እኔ በዚህ አልፈርድበትም። ሰው ለልጁ ሲል ከዚህ የባሰም ይሠራል። በዚያ ላይ እንግሊዛዊ ሆኖ የአየርላንድ ቅላጼ እንዲያወራ ተፈርዶበታል፤ ቅላጼው ከትዕይንት ትዕይንት ሲዋዥቅ ይሰማል።

ደህና ነው ያለ ሃያሲ አንድ እንኳ የለም?

አለ፤ ደግሞም ትንሽ ሰው አይደለም። ዝነኛው አሜሪካዊ ሃያሲ ሮጀር ኢበርት ከአራት ኮከብ ሦስት ሰጥቶታል። የፊልሙን ሁሉ ነገር አስቀድሞ መገመት እንደሚቻል እሱም ያውቃል፤ ግን ኤሚ አዳምስን እያየ ተደሰተ፣ መደሰቱንም አልካደም። ይህች ሴት ያኔ ሁለት ጊዜ ለኦስካር ታጭታለች። ከእሷ ሌላ ያንን ሚና የያዘች ተዋናይት ብትኖር ፊልሙ እስከ ዛሬ ይነሣ ነበር ብዬ አላስብም።

ተመልካቹስ? ገንዘብ አስገኝቷል?

በ19 ሚሊዮን ዶላር ተሠርቶ በዓለም ዙሪያ 32 ሚሊዮን ገደማ ሰብስቧል። ሲኒማ ቤቱ ከዚያ ድርሻውን ይወስዳል፣ ማስታወቂያም አለ፤ ስለዚህ ከበሮ የሚያስመታ ትርፍ አይደለም። የዚህ ፊልም ሕይወት ግን የጀመረው ከሲኒማ ቤት ከወጣ በኋላ ነው።

ይህን ከቪዲዮ ቤቴ መዝገብ አውቀዋለሁ። የድርጊት ፊልም በመጀመሪያው ወር ይሻማሉ፣ ከዚያ አቧራ ይጠጣል። «ሊፕ ዪር» ግን በየሳምንቱ ይወጣ ነበር፤ ለዚያውም ለዚያው ሰው። ከማዶ ያለው የሴቶች ፀጉር ቤት ልጆች እየተቀባበሉ ወሰዱት። ዲስኩ ከመጫጫሩ የተነሣ ላሞቹ መንገድ የሚዘጉበት ቦታ ላይ ይነክሳል፤ አንደኛዋ አዲስ ተመልካች ካለች ያለፈውን በቃሏ ትነግራታለች። ቀይሬ ሌላ ቅጂ ልስጣችሁ ብል፣ ግድ የለም አሉኝ።

ምን እንደሚወዱለት ጠይቄያቸው ነበር። ስለ አየርላንድ ያነሣ የለም። ሁሉም የነገሩኝ ስለ እሳቱ ነው። ዴክላን መንገድ ላይ አናን፣ ቤትሽ ቢቃጠልና 60 ሰከንድ ብቻ ቢኖርሽ ምን ይዘሽ ትወጫለሽ ይላታል። በኋላ ቦስተን፣ ሐኪሙ ቀለበት ካሰረላት በኋላ፣ ለጋብቻ የጠየቃት የሚገዙት አፓርታማ አስተዳደር ባለትዳር ስለሚመርጥ መሆኑን በእንግዶች ፊት እየሳቀ ሲናገር ትሰማለች። ሄዳ የእሳት ማንቂያውን ትስባለች። ሰውየው የሚይዘው ጠፍቶት ወዲያ ወዲህ ይልና የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎቹን መሰብሰብ ይጀምራል። አና ቆማ ታየዋለች። ከልጆቹ አንዷ «እኔም የኔን እንዲህ በፈተንኩት» አለችኝ። ይህ ትዕይንት በየትኛውም አገር ቢቀረጽ ይሠራል፤ ሃያስያኑ ግን ካነበብኳቸው ውስጥ ቦታ የሰጠው ጥቂት ነው። አንዱ ወገን ያየው አገሩን፣ ሌላው ያየው ሁለቱን ሰዎች ነው። ነጥቡ መራራቁ ምን ይገርማል?

እህት ልጠይቅ፦ ሴት የምትጠይቅበት ቀን የሚባለው ልማድ እውነት ነው ወይስ ፊልም የፈጠረው?

ልማዱ አለ፤ አየርላንድ ውስጥ ፌብሩዋሪ 29 በመጣ ቁጥር ሬዲዮው ይቀልድበታል። አፈ ታሪኩ ቅድስት ብሪጂድ ለቅዱስ ፓትሪክ «ሴቶች እስከ መቼ ይጠብቃሉ?» ብላ አቤት አለች፣ እሱ በሰባት ዓመት አንዴ ይጠይቁ ሲል ተከራክራ ወደ አራት አወረደችው ይላል። ክርክሩን እወደዋለሁ፤ ታሪክ ነው ለማለት ግን ያስቸግራል። በተለመደው አቆጣጠር ብሪጂድ የተወለደችው በ451 አካባቢ ነው፤ ፓትሪክ ደግሞ በ461 ሞተ የሚለውን ከያዝን፣ አቤት ባይዋ የአሥር ዓመት ልጅ ነበረች። እምቢ ያለ ወንድ ጓንት ወይም የሐር ልብስ ይገዛ ነበርም ይባላል።

እኛ ጋር በዘመነ ሉቃስ ጳጉሜን 6 ስትሆን እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ አላውቅም። ማስጀመር የምትፈልጊ ከሆነ ከልካይ የለም እህቴ።

ያ የመጨረሻው ገደል የት ነው? ለእረፍት ልሄድ አስቤ ነበር።

ከጎልዌይ ማዶ ያለው የኢኒሽ ሞር ደሴት ነው፤ ዲንግል የተባለችው መንደርም የተቀረጸችው እዚያው ነው። ከሮሳቪል ወደብ በጀልባ 40 ደቂቃ ያህል ይወስዳል። ገደሉ አፋፍ ላይ ዱን ኤንገስ የሚባል ከክርስቶስ ልደት በፊት የተሠራ የድንጋይ ምሽግ አለ። ጠርዙ አጥር የለውም፤ ብዙ ሰው በሆዱ ተኝቶ፣ አንገቱን ብቻ አውጥቶ ነው ቁልቁል የሚያየው። እኔም እንደዚያው አደረግሁ፤ አጠገቤ ጥንዶች ፎቶ ሲነሡ ነፋሱ የልጅቱን ባርኔጣ ይዞት ሄደ። ዴክላን የእናቱን የክላዳ ቀለበት ይዞ የተንበረከከበት ቦታ ነው፤ ልብ የያዙ ሁለት እጆች፣ ከላይ ዘውድ። የሚያንሸራትት ጫማ እንዳታደርግ።

ከ«ዋይልድ ማውንቴን ታይም» ጋር ብናወዳድረው የትኛው ይብሳል?

ስሙን ስሰማ ጦስኝ ይሸተኛል፤ «የዱር ተራራ ጦስኝ» እንደማለት ነው። ጆን ፓትሪክ ሻንሊ ከራሱ ተውኔት ወስዶ ያዘጋጀው፣ ኤሚሊ ብለንትና ጄሚ ዶርናን የተወኑበት የ2020 ፊልም ነው። እዚህ ሕዝቡ ፊልሙን ሳይሆን ማስታወቂያውን አይቶ ነው የተነሣበት፤ በቅላጼው። ደብሊን ያለው የሌፕሪኮን ሙዚየም፣ ማለትም ቆብ ያደረጉ ድንክ መናፍስትን ለቱሪስት በማሳየት የሚኖረው ተቋም፣ ይኼስ ለእኛም በዛ ብሎ ጻፈ። ከዚያ በላይ ሂስ የለም። ሻንሊ ግን ፊልሙን የሠራሁት አየርላንዶች እንዲወዱት ብዬ አይደለም ብሎ ተከራከረ።

የትኛው ይብሳል? እኔ ለጦስኙ አዝንለታለሁ። ባለታሪኩ ፍቅሩን ሳይገልጽ የኖረው ራሱን ንብ አድርጎ ስለሚያስብ መሆኑን ይናዘዛል፤ አዎ፣ ንብ። አስቂኝ ውድቀት ነው፤ ግን አንድ ሰው አምኖበት የሠራው ነው። «ሊፕ ዪር» ለእንዲህ ያለ ድፍረት ቅርብ አይደለም።

ከልጆች ጋር ይታያል?

ይታያል። መሳሳም አለ፣ አንድ አልጋ ላይ ማደር አለ፣ ከዚያ አያልፍም።

አየርላንዶች ራሳቸው የሚኮሩበት የፍቅር ፊልም የቱ ነው?

«ዋንስ»ን ሳትጠይቁ ይነግሯችኋል። ጆን ካርኒ ደብሊን ጎዳና ላይ በጥቂት ገንዘብ ሠርቶት፣ እ.ኤ.አ. በ2007 ሲኒማ ቤት ገባ፤ በዘፈኑም ኦስካር ወሰደ። ላም የለበትም። ኮሜዲ ነው ማለት ግን አይቻልም፤ ሳቅ ፈልጋችሁ እንዳትከፍቱት።

አከራይዎ በመጨረሻ ስንት ሰጡት?

ከአሥር አራት። ሁለቱ ለገደሉ፣ ሁለቱ ለልጅቱ ጫማ። እሳቱ ጋ ስንደርስ ግን ሹራቡን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ነበር፤ ሲያልቅም ባለቤታቸው በሕይወት ሳሉ ቢፈተኑ ይዘው የሚወጡት ሬዲዮኑን እንደነበር ነገሩኝ።