ድረ ገጽ መሥራት ለመማር መጽሐፍ ለምትመርጡ ወጣቶች

ውድ ወጣቶች፣

ድረ ገጽ መሥራት ልማር ነውና የትኛውን መጽሐፍ ልግዛ የሚል ጥያቄ በየጊዜው ይቀርብልኛል። የጎረቤት ልጅ ይጠይቀኛል፤ የሥራ ባልደረባዬ የእህቱን ልጅ ይዞ መጥቶ «እስቲ ምከርልኝ» ይለኛል። ጠያቂው አብዛኛውን ጊዜ የሚፈልገው የአንድ መጽሐፍ ስም ሰምቶ መሄድ ነው። እኔ ግን ስም መስጠት ከተውኩ ቆይቻለሁ። ዛሬ የማሞግሰው መጽሐፍ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግማሹ ያረጃል፤ ደግሞም እናንተ ባላችሁበት ከተማ ላይገኝ ይችላል። ስለዚህ አሮጌ መጻሕፍት ከሚሸጥ ነጋዴ ፊት ቆማችሁ፣ ወይም ጓደኛችሁ በቴሌግራም የላከላችሁን ፒዲኤፍ ከፍታችሁ፣ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ምን ምን ብታዩ እንደሚበጅ ልጽፍላችሁ ወደድኩ።

አስቀድሜ የራሴን ስሕተት ልናገር። በ1994 ዓ.ም. ለገሃር አካባቢ ከአንድ የአሮጌ መጻሕፍት ነጋዴ ስምንት መቶ ገጽ ገደማ ያለው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ገዛሁ። የመረጥኩት በውፍረቱ ነበር። በጀርባ ሽፋኑ ውስጥ የሲዲ ኪስ ነበረው፤ ሲዲው ግን የለም። መልመጃዎቹ ሁሉ «በሲዲው ላይ ያለውን ፋይል ክፈት» ብለው ስለሚጀምሩ ሳልሠራ እያነበብኩ ብቻ አለፍኳቸው። መጽሐፉ ገጹን በሰንጠረዥ መከፋፈልን፣ በሰንጠረዥ ውስጥ ሌላ ሰንጠረዥ መክተትን፣ የፊደልን ቀለምና መጠንም ፎንት በሚባለው ታግ (በጽሑፉ መካከል በሚገባ የትእዛዝ ምልክት) እያንዳንዱ ቃል ላይ መለጠፍን በሰፊው ያስተምራል። የገጹን መልክ ከጽሑፉ ለይቶ በአንድ ፋይል የሚደነግገው ሲኤስኤስ ግን ሃያኛው ምዕራፍ ላይ፣ ለላቁ ተማሪዎች ተብሎ ነበር የተቀመጠው። እዚያ ሳልደርስ ሥራ ያዝኩ።

ሥራው ለአንድ መሥሪያ ቤት አርባ ገጾች ያሉት ድረ ገጽ ማዘጋጀት ነበር። ጨርሼ ካስረከብኩ በኋላ ኃላፊው ጠርተው «አርእስቶቹ ሰማያዊ ከሚሆኑ አረንጓዴ ይሁኑልን» አሉኝ። አርባውን ገጽ አንድ በአንድ እየከፈትኩ፣ እያንዳንዱን አርእስት እየፈለግኩ፣ የቀለሙን ስም እየቀየርኩ አራት ሌሊት አደርኩ። በአምስተኛው ቀን ኃላፊው አንድ የረሳሁትን ገጽ አግኝተው ሰማያዊውን አርእስት በጣታቸው አሳዩኝ። ያ ሥራ በሲኤስኤስ የአንድ መስመር ሥራ ነው። ይበልጥ የሚያበሳጨው ደግሞ ሲኤስኤስ የዓለም አቀፍ ደረጃ ሆኖ የወጣው እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1996 መሆኑ ነው፤ የፎንት ታግም እ.ኤ.አ. በ1997 በወጣው የኤችቲኤምኤል (የድረ ገጽ ይዘት የሚጻፍበት ቋንቋ) ደረጃ ባይሠራበት ይሻላል ተብሎ ነበር። እኔ ስማር አዲሱ መንገድ አምስት ዓመት አልፎታል፤ መጽሐፌም ያውቀዋል፤ ነገር ግን ከኋላ ደብቆታል።

ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም መጽሐፍ ሳነሣ መጀመሪያ የማየው ማውጫውን ነው። ምን እንደሚያውቅ ከመመርመሬ በፊት በምን ቅደም ተከተል እንደሚያስተምር አያለሁ፤ ጀማሪ ልማድ የሚይዘው ከመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች ነውና። ኤችቲኤምኤልን በጥቂት ምዕራፎች አስጨብጦ ወዲያው ወደ ሲኤስኤስ የሚገባ፣ ጃቫስክሪፕትን (ገጹ ሲነካ ምላሽ እንዲሰጥ የሚያደርገውን ቋንቋ) ደግሞ ለኋላ የሚያቆይ መጽሐፍ ደኅና መጽሐፍ ነው። በመጀመሪያው ምዕራፍ ቡትስትራፕን ወይም ዎርድፕረስን የመሰለ፣ ገጽን ከተዘጋጁ ክፍሎች የሚያቆም መሣሪያ የሚያስጭን መጽሐፍ ከሆነ መልሱት። እነዚህ ጥሩ መሣሪያዎች ናቸው፤ ነገር ግን አንድ ነገር ሲበላሽ የት እንደተበላሸ የሚያውቀው መሠረቱን የያዘ ሰው ነው።

ከማውጫው ቀጥሎ ዕድሜው ይታያል። የኅትመቱ ዓመት መጀመሪያዎቹ ገጾች ላይ ይገኛል፤ ሆኖም ፎቶ ኮፒ ሲሆን ያ ገጽ ብዙ ጊዜ ይጎድላል፣ ወይም ድጋሚ የታተመበት ዓመት ብቻ ተጽፎ ታገኙታላችሁ። ስለዚህ የውስጥ ምልክቶቹን ፈልጉ። ገጽ ላይ ተንቀሳቃሽ ሥዕልና ጨዋታ ይሠራበት ስለነበረው ስለ ፍላሽ ምዕራፍ ካለው መጽሐፉ አርጅቷል፤ ባለቤቱ አዶቢ ኩባንያ ፍላሽን መደገፍ ያቆመው እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ ነው። ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ለሚባለው አሮጌ ብራውዘር (ድረ ገጽ መክፈቻ ፕሮግራም) የተለየ ዘዴ የሚያስተምር ከሆነም እንዲሁ። ከሁሉ በላይ ግን የገጽ አቀማመጥን ምዕራፍ ክፈቱና ዓምዶችን በምን እንደሚሠራ እዩ። ፍሎት የሚባለው ዘዴ የተፈጠረው ጽሑፍ በሥዕል ጎን እንዲፈስ ነበር፤ ሌላ ስላልነበረን እኛ ለብዙ ዓመታት ዓምድ አቆምንበት፣ ዓምዱም ባልጠበቅነው ሰዓት እየወደቀ አስቸገረን። ዛሬ ለዚህ ሥራ ፍሌክስቦክስና ግሪድ አሉ። ግሪድ በዋና ዋናዎቹ ብራውዘሮች ውስጥ የገባው በማርች 2017 ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት የተጻፈ መጽሐፍ በደንብ ሊያስተምራችሁ አይችልም።

ይህን ስል አሮጌ መጽሐፍ ሁሉ ይጣል ማለቴ አይደለም። የመጽሐፍ ክፍሎች እኩል አያረጁም። ስለ አርእስት፣ ስለ አንቀጽ፣ ስለ ሊንክ የሚናገረው ምዕራፍ ሃያ ዓመት ቢያልፈውም ይሠራል፤ ቲም በርነርስ ሊ እ.ኤ.አ. በ1991 ሰርን በተባለው የምርምር ተቋም ያወጣው የመጀመሪያው ድረ ገጽ ዛሬም በስልካችሁ ቢከፈት ይነበባል። የአቀማመጥ ምዕራፍ በአሥር ዓመት ውስጥ ያረጃል። የአንድን ፕሮግራም መስኮት ፎቶ እያሳየ «ይህን ቁልፍ ተጫን» የሚለው ምዕራፍ ደግሞ ገና ከማተሚያ ቤት ሲወጣ ማርጀት ይጀምራል። ገንዘብ ካጠራችሁ አሮጌውን ለኤችቲኤምኤል ተጠቀሙበት፤ አቀማመጡን የድረ ገጽ ቋንቋዎችን ከሚያብራራው ኤምዲኤን ከተባለው ነጻ ድረ ገጽ አሟሉ።

የስልክ ነገር ለብቻው መነሣት አለበት። የድረ ገጽ ዲዛይነሩ ኢታን ማርኮት የገጹ አቀማመጥ ራሱን ከስክሪኑ ስፋት ጋር እንዲያስማማ የሚያደርገውን አሠራር ስም ሰጥቶ የጻፈው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው፤ በእኛ አገር ደግሞ ድረ ገጽን በስልክ ብቻ የሚያውቅ ሰው እጅግ ብዙ ነው። ወጣቶች በላፕቶፕ የሠሩትን ገጽ ሊያሳዩኝ ሲመጡ ስልኬን አውጥቼ እከፍተዋለሁ። ፊደሉ የጉንዳን እግር አክሎ ሲታይ ይደነግጣሉ። ቪውፖርት የምትባለውን የአንድ መስመር ትእዛዝ ስላልጻፉ፣ ስልኩ ገጹን ለትልቅ ስክሪን የተሠራ ነው ብሎ ገምቶ አጥብቦ ያሳየዋል። ይህችን መስመር በመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች ያልጻፈ መጽሐፍ ለእኛ አይሆንም። የምስል ክብደትን ነገር ግን ጥሩ የሚባሉትም መጻሕፍት ቸል ሲሉት አይቻለሁ፤ በስልክ ካሜራ የተነሣ አራት ሜጋባይት ፎቶ እንዳለ የጫነ ገጽ የአንባቢውን የዳታ ጥቅል ይበላል።

አማርኛን በተመለከተ ከውጭ ከሚመጣው መጽሐፍ ብዙ አትጠብቁ። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ (የዓለም ፊደላት ለኮምፒውተር ቁጥር የሚሰጣቸው የጋራ ደረጃ) ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለዓመታት፣ የአማርኛ ገጽ የምንሠራው በላቲን ፊደላት ቦታ የእኛን ፊደል ሥዕል በሚያስቀምጡ ፎንቶች ስለነበር፣ ፎንቱን ያልጫነ አንባቢ የሚያየው የተዘበራረቀ ምልክት ብቻ ነበር። ዛሬ ዩቲኤፍ ስምንትን (ዩኒኮድ በፋይል የሚጻፍበትን ዘዴ) ገጹ አናት ላይ ማሳወቅ ይበቃል። መጽሐፉ ግን አርእስትን በትልልቅ ፊደላት አድምቁ ሲላችሁ፣ የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የሚባል መልክ የለውም። ቃልን አጋድማችሁ አጉሉት ሲላችሁ፣ የተጋደመ የግዕዝ ፊደል ተገፍቶ ሊወድቅ ያለ ይመስላል። በመስመሮች መካከል የሚሰጠው ክፍተትም ለላቲን የተለካ ነው፤ ፊደሎቻችን ከላይ እስከ ታች ሙሉ ስለሆኑ ትንሽ ሰፋ ማድረግ ያስፈልጋል። ስለዚህ የመጽሐፉን ምሳሌ ሁሉ ከእንግሊዝኛው በኋላ በአማርኛ ደግማችሁ ጻፉት፤ የሚበላሸውን እየለያችሁ በኅዳጉ ላይ መዝግቡ። በነገራችን ላይ ሲኤስኤስ ዝርዝሮችን በ፩፣ ፪፣ ፫ መቁጠር ይችላል፤ ይህን ሳውቅ እንደ ልጅ ነው የተደሰትኩት።

በአማርኛ የተጻፈ መጽሐፍ ይሻላል ወይስ በእንግሊዝኛ የሚሉኝ አሉ። እንግሊዝኛው የሚከብዳችሁ ከሆነ በአማርኛ ጀምሩ፤ ማፈር አያስፈልግም። ብቻ የታጎቹን ስም በእንግሊዝኛ እንዳለ ትቶ ማብራሪያውን በአማርኛ የሚሰጠውን ምረጡ። ሁሉንም ቃል ለመተርጎም የታገለ መጽሐፍ ስታነቡት ይገባችኋል፤ ስሕተት ገጥሟችሁ መፍትሔ ስትፈልጉ ግን በምን ቃል እንደምትፈልጉ አታውቁም።

ከመግዛታችሁ በፊት የመጨረሻው ፈተና መልመጃው ነው። መካከሉ ላይ አንድ መልመጃ ገልጣችሁ ያለ ሲዲ፣ ያለ ኢንተርኔት፣ በኖትፓድ ብቻ ልትሠሩት ትችሉ እንደሆነ እዩ። ኮዱ አምስት ገጽ ከሞላ ጸሐፊው ገጽ እየሞላ ነው፤ አሥር መስመር ሆኖ ከሥሩ እያንዳንዱ መስመር ለምን እንደተጻፈ ከተብራራ ግን እያስተማረ ነው። ኮዱን ከፒዲኤፍ ቀድታችሁ አትለጥፉ፤ በእጃችሁ ጻፉት። ይህን የምለው ለትጋት ብቻ አይደለም። ፒዲኤፉ ቀጥ ያለውን ትእምርተ ጥቅስ ወደ ጎባጣ ቀይሮት ሊሆን ስለሚችል፣ የለጠፋችሁት ሊንክ አልሠራ ይላል፤ አንድ ልጅ በዚህ ምክንያት ሙሉ ከሰዓቱን ሲያጠፋ አጠገቡ ተቀምጬ አይቻለሁ። ሁለቱ ምልክቶች ስክሪኑ ላይ እጅግ ይመሳሰላሉ።

ያገለገለ መጽሐፍ የምትገዙ ከሆነ ደግሞ ዘግታችሁ የገጾቹን ጠርዝ ከጎን ተመልከቱ። የቀድሞው ባለቤት ጣት ያሳደፈው ክፍል ከነጩ ተለይቶ ይታያል፤ እድፉ የቆመበት ገጽ እሱ ያቆመበት ነው። የእኔ የ1994ቱ መጽሐፍ እስካሁን መደርደሪያዬ ላይ አለ፤ እድፉ ከሃያኛው ምዕራፍ ጥቂት ገጾች ሲቀሩት ያልቃል። ከአንድ መጽሐፍ ሁለት ሦስት ቅጂ ካገኛችሁና የሁሉም እድፍ አንድ ቦታ ላይ ከቆመ፣ የሰነፉት አንባቢዎቹ አይመስሉኝምና ነጋዴውን ሌላ እንዲያሳያችሁ ጠይቁት።