ዊንዶውስ 10 ላይ ለቀራችሁ፦ ስለ ሊኑክስ ለጠየቃችሁን መልስ

ማይክሮሶፍት ከጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ወዲህ ለዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ አይሰጥም። ወደ ሊኑክስ (በዊንዶውስ ምትክ ኮምፒውተሩን የሚያሠራ ነፃ ሥርዓት) ለመሻገር ካሰቡ የድሬዳዋና የሐረር ሰዎች የመጡ ጥያቄዎች እነሆ።

ጥያቄ (ከከዚራ)፦ አቦ፣ ላፕቶፓችን 4 ጊጋ ራም ነው፣ ዊንዶውስ 11 አልቀበልም አለ። እናቴም ትጠቀምበታለች። ሊኑክስ አይከብዳትም?

መልስ፦ ሥራዋ ፌስቡክ፣ ዩቲዩብና ደብዳቤ ከሆነ አይከብዳትም። ሊኑክስ ሚንት ኤክስኤፍሲኢ የሚባለውን ቀለል ያለ የሊኑክስ ዓይነት አውርድ፤ ሜኑው እንደለመደችው ከታች በግራ በኩል ነው። የሚከብደው መጫኑ ነው፣ እሱን አንተ ሥራላት። ብራውዘሩ ላይ ብዙ ታብ ከተከፈተ ግን በ4 ጊጋ መንቀራፈፉ አይቀርም። አሮጌውን ሃርድ ዲስክ በኤስኤስዲ (ፈጣን ዲስክ) ብትቀይሩት ልዩነቱን ወዲያው ታዩታላችሁ።

ጥያቄ (ከሳቢያን)፦ ፋይሌ ሳይጠፋ መሞከር እችላለሁ?

መልስ፦ ትችላለህ። ባለ 8 ጊጋ ፍላሽ ያዝ፤ ያለበት ነገር ስለሚጠፋ ቀድመህ ወደ ሌላ ቦታ ገልብጠው። ያወረድከውን የሊኑክስ ሚንት ፋይል ሩፉስ በሚባለው የዊንዶውስ ፕሮግራም ፍላሹ ላይ ጻፍ። ኮምፒውተሩ ሲነሳ ኤፍ 12 (ኤችፒ ከሆነ ብዙ ጊዜ ኤፍ 9) እየነካህ ፍላሹን ምረጥ፤ ሳይጫን ይከፈታል። ዋይፋዩን፣ ድምፁን፣ ፕሪንተሩን እዚያው ፈትሽ። ዋይፋይ ካልታየህ ስልክህን በኬብል ሰክተህ ዩኤስቢ ቴዘሪንግ (የስልኩን ኢንተርኔት ለኮምፒውተሩ ማጋሪያ) አብራ፤ ኢንተርኔቱ ሲገባ ሚንት ውስጥ ያለው ድራይቨር ማናጀር የጎደለውን ድራይቨር ይፈልግልሃል።

ልትጭን ከወሰንክ ተጠንቀቅ። ሰው ፋይሉን የሚያጣው «ዲስኩን አጥፍተህ ጫን» የሚለውን ሳያነብ ሲያልፍ ነው። አንተ ከዊንዶውስ ጎን የሚጭነውን ምረጥ። ከዚያ በፊት ፋይልህን ሌላ ዲስክ ላይ አስቀምጥ፤ ቢትሎከር (የዊንዶውስ ዲስክ መቆለፊያ) ከበራ አጥፋው፣ ዲስኩ እንደተቆለፈ ጫኚው ቦታ መክፈል አይችልም። ፋስት ስታርትአፕ የሚባለውን የዊንዶውስ ፈጣን ማስነሻም አጥፋ። እሱ በርቶ ከቀረ ዊንዶውስ ሙሉ በሙሉ ስለማይዘጋ፣ ሊኑክስ ያንን ክፍል ቢያነብም ሊጽፍበት አይችልም።

ጥያቄ (ከሐረር፣ ሸዋ በር)፦ የጽሕፈት ቤት አለኝ። ፒችትሪና ፓወር ግዕዝ ይሠራሉ?

መልስ፦ እህቴ፣ የሂሳብ መያዣው ፒችትሪም የአማርኛ መጻፊያው ፓወር ግዕዝም ለዊንዶውስ የተሠሩ ናቸው። ለፒችትሪ አንድ ዊንዶውስ ማሽን አስቀሪ፤ የደንበኛ ሂሳብ መሞከሪያ አይደረግም። ለአማርኛ ጽሕፈት ግን ፓወር ግዕዝ አያስፈልግሽም። አይባስ ኤም17ኤን የሚባለውን የሊኑክስ የፊደል መጻፊያ ጭነሽ ከአማርኛ የአጻጻፍ ዘዴዎቹ «ሴራ»ን ምረጪ። ኤስ እና ኢን ስትነኪ «ሰ» ይወጣል፤ «ጠ» ስትፈልጊ ሺፍት ይዘሽ ቲ፣ ቀጥሎ ኢ። በድሮ የግዕዝ ፎንት የተጻፉ ሰነዶች የላቲን ፊደልና ምልክት ሆነው ይታዩሻል። ፋይሉ ተበላሽቶ አይደለም፤ እነዚያ ፎንቶች የግዕዙን ቅርጽ በላቲን ፊደል ቦታ ላይ ያስቀመጡ ስለሆኑ ነው። ወደ ዩኒኮድ (ዛሬ ኮምፒውተርና ስልክ ሁሉ ወደሚያነበው የፊደል አሠራር) ቀይሪያቸው። ሌላ ቤት የሚታተመውን ደግሞ ከሊብሬኦፊስ (ሊኑክስ ላይ በዎርድ ምትክ የሚሠራው) በፒዲኤፍ አውጪው፣ አለዚያ ገጹ ይዛባል።

ጥያቄ (ከድሬዳዋ፣ ታይዋን ገበያ)፦ ፎልደሮችን ሾርትከት የሚያደርገው የፍላሽ ቫይረስስ?

መልስ፦ ሊኑክስ ላይ አይነሳም። የተደበቁት ፎልደሮችም እንደነበሩ ይታያሉ፤ ሾርትከቶቹን አጥፍተህ ፋይልህን ውሰድ።