ከቀለም በፊት ዶማ

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። ከወላጆችሽ የቀረ የጭቃ ቤት አለ፤ አራት ዓመት ተዘግቶ ቆይቷል። ጣራው ያፈሳል፣ የግድግዳው ልስን ከታች በኩል እየተላጠ ይወድቃል፣ ግቢውን አረም ውጦታል። በእጅሽ ያለው ገንዘብ ትንሽ ነው። ወንድምሽ «ሳሎኑን ቀለም ቀብተን እንግባ፣ ሌላው ቀስ ብሎ ይደርሳል» ይላል። አንቺ ደግሞ «ከየት ልጀምር? አፍርሶ መሥራት ይሻላል ወይ? ከኋላ ግድግዳ አጠገብ ያለውን ትልቅ ዛፍስ ልቁረጠው?» ብለሻል።

ከግቢው ጀምሪ። ቤቱን ገና አትንኪው። ምክሩ ግራ እንደሚያጋባ አውቃለሁ፤ እኔም የተማርኩት ገንዘቤን አቃጥዬ ነው።

የእኔም ቤት እንዳንቺው የእንጨትና የጭቃ ነው። እንደተረከብኩት መጀመሪያ የገዛሁት ነገር ቀለም ነበር። ሦስት እጅ አስቀባሁት። ያየው ሁሉ አደነቀልኝ። ክረምት ሲገባ ቀለሙ ከወለሉ እስከ ጉልበት ድረስ እሳት እንደነካው ቆዳ ውሃ ቋጠረ። በጣቴ ጫን ስለው ይፈርጣል። ግንበኛ ጠራሁ። «ጭቃ ስለሆነ ነው፣ በሲሚንቶ ይለሰን» አለኝ። አመንኩት። አሮጌውን ልስን አስፈነቀልኩ፣ ወንፊት ሽቦ አስመታሁ፣ በሲሚንቶ አስለሰንኩ። አንድ ዓመት ዓይን የሚሞላ ግድግዳ ሆነ። በሁለተኛው ዓመት በጣት ሳንኳኳው የከበሮ ድምፅ ማሰማት ጀመረ። አንድ ቀን ጠዋት የበር ስፋት ያለው ልስን እንዳለ ተገንጥሎ ወለሉ ላይ ተኝቶ አገኘሁት። ገልብጬ ጀርባውን አየሁ። የግድግዳው ጭቃ ተጣብቆበት መጥቷል። እርጥብ ነው፤ ጣት ያስገባል። ለካ ሲሚንቶው እርጥበቱን መውጫ ከልክሎ አፍኖ ይዞት ነበር።

ያኔ አንድ ሽማግሌ አናጺ አመጣሁ። ግድግዳውን ያያል ብዬ ስጠብቅ ፊቱን ወደ ግቢው አዞረ።

«ደጃፉ ላይ ስንት ደረጃ አለ?» አለኝ።

«አንድ።»

ሳቀ። «እስቲ ዶማ አምጣ።»

ደረጃው ፊት ቆፈርን። አንድ ስንዝር እንኳ ሳንወርድ ዶማው ድንጋይ መታ። አፈሩን በእጃችን ጠረግነው። ሁለተኛ ደረጃ ነው። ከሱ ሥር ደግሞ ሌላ። ቤቱ ሲሠራ ሦስት ደረጃ ነበረው። የድንጋይ መሠረቱ 40 ሴንቲ ሜትር ያህል አፈር ውስጥ ተቀብሯል። የጭቃው ግድግዳ እግሩን እርጥብ አፈር ውስጥ ነክሮ ስንት ዘመን ቆሟል። እኔ ቤቱ የሰመጠ መስሎኝ ነበር። ከፍ ያለው ግን ግቢው ነው።

አሮጌ ግቢ ሁሉ ያድጋል። ቅጠል ይረግፋል፣ አመድ ይደፋል፣ በየጥገናው የተረፈ ፍርስራሽ እዚያው ይበተናል፣ ከላይ ካለው መሬት ጎርፍ አፈር ይዞ ይመጣል። በዓመት የጣት ውፍረት እንኳ ሳይሞላ ዝም ብሎ ይከመራል። ያንቺም ግድግዳ የሚላጠው ከታች ብቻ ከሆነ ጥርጣሬዬ እዚህ ላይ ነው። ከላይ ጀምሮ ወደታች የሚወርድ እድፍ ከሆነ ግን ጥፋቱ የጣራው ነው። ሁለቱን ለይተሽ እይ።

ስለዚህ በደረቅ ወቅት አረሙን አጽጂና በግድግዳው ዙሪያ አፈሩን አንሺ። በማሽን አይሆንም፤ በእጅ ነው። አንድ ጎን በአንድ ጊዜ፣ እሱም ሁለት ሦስት ሜትር እየተባለ። መሠረቱን አጋልጪው እንጂ ከሥሩ በታች እንዳትወርጂ። እዚያ ከደረስሽ ቤቱን የተሸከመውን አፈር ነው የምትነኪው። ከላይ የሚወጣውን ጥቁር ለም አፈር ለብቻው ከምሪው፣ ለአትክልት ይሆናል። ፍርስራሹን ከእሱ ጋር አታደባልቂ።

ከዚያ መሬቱን ከቤቱ ወደ ውጭ አዘንብዪው። በ3 ሜትር ርቀት 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ማለት አለበት። በዓይን ግምት አትመኚ፤ ግቢ ዓይን ያታልላል። ግንበኞች ውሃ የሞሉትን ግልጽ ቀጭን ቱቦ ተጠቀሚ። አንዱን ጫፍ ግድግዳው ላይ፣ ሌላውን ችካል ላይ ያዢ። ውሃው በሁለቱም ጫፍ እኩል ከፍታ ላይ ይቆማል። እዚያ ላይ ምልክት አድርጊና ከምልክቱ እስከ መሬቱ ለኪ፣ ልዩነቱ ይወጣልሻል። የቤትሽ ኋላ ዳገት ከሆነ ውሃው ቤቱ ጋ ሳይደርስ የሚጠልፍ ቦይ ያስፈልጋል።

አሁን ጣራው። እስቲ ሒሳብ እንሥራ። አንድ ካሬ ሜትር ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲወርድ 1 ሊትር ውሃ ማለት ነው። ጣራሽ 80 ካሬ ቢሆንና 20 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 1,600 ሊትር ይሆናል። ስምንት ባለ 200 ሊትር በርሜል! ይሄ ሁሉ የሚወርደው በሁለት መስመር፣ ግድግዳሽ ሥር ነው። አሸንዳ የሌለው ቤት ይህን በየዝናቡ ይጠጣል። አሸንዳው በየ3 ሜትሩ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ መውረጃው ያዘንብል። መውረጃ ቱቦው ደግሞ ግድግዳው እግር ላይ እንዳያልቅ። እኔ ያየኋቸው አብዛኞቹ ቤቶች እዚህ ጋ ነው የሚሳሳቱት፤ ውሃውን ከየአቅጣጫው ሰብስበው አንድ ማዕዘን ላይ ይደፉታል። ሁለት ሜትር ያህል አርቂው ወይም በርሜል ውስጥ አስገቢው፤ በርሜሉ ሞልቶ የሚፈስበትንም አስቢ።

የሚያፈስበትን ቦታ ለማግኘት ጠራራ ፀሐይ ላይ ኮርኒስ ውስጥ ግቢና ባትሪሽን አጥፊ። ቀዳዳው ራሱ ብርሃን ሆኖ ይታይሻል። ኮርኒሱ ላይ ያለው የውሃ እድፍ አያታልልሽ፤ ውሃ በእንጨቱ ላይ ተንሸራትቶ ሌላ ቦታ ነው የሚንጠባጠበው። ቆርቆሮው ዝገት ስለያዘው ብቻ አትጣዪው። በጠመንጃ መፍቻ ጫን በዪው፤ ካልተበሳ በብረት ብሩሽ ተፍቆ ፀረ ዝገት ቀለም ይበቃዋል። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ሚስማሩ ነው። ቆርቆሮ በፀሐይ ይለጠጣል፣ ማታ ይሰበሰባል፣ ሚስማሩን እየነቀነቀ ያላላዋል። የላላውን መልሶ መምታት ትርፉ ድካም ነው። ነቅለሽ ጎማ ባለው ረዘም ያለ ብሎን ተኪው። ደግሞ ቆርቆሮው ጉብ ባለበት ላይ እንጂ ውሃው በሚሄድበት ጎድጓዳ ላይ አይመታም።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ጣራሽ ብረት ሳይሆን ግራጫ፣ ወፍራም፣ ሲመቱት የሚሰበር የሲሚንቶ ሰሌዳ ዓይነት ከሆነ አስቤስቶስ ሊኖርበት ይችላል። አትቁረጪው፣ አትብሺው፣ በብሩሽ አትፈጊው። ብናኙ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ካንሰር ያመጣል። እሱን ሥራውን ለሚያውቅ ሰው ተዪው።

ውሃው ከተያዘ በኋላ ምን ታደርጊያለሽ? ምንም። ግድግዳው ይድረቅ። ሲሚንቶ ተለስኖበት ከሆነ የታችኛውን አንድ ሜትር አስፈንቅዪና ራቁቱን ተዪው። ቢያንስ አንድ በጋ። ይሄ ነው ከሁሉ የሚከብደው፤ ቤቱ የፈረሰ ይመስላል፣ ዘመድ ይመጣና «ተዋችሁት እንዴ?» ይላል። ይበል።

ሲደርቅ በራሱ ጭቃ ለስኚው። አፈሩን ከጭድ ጋር አቡክተሽ፣ በየጊዜው ውሃ እየተጨመረበትና እየተረገጠ፣ ሁለት ሦስት ሳምንት ይሰንብት። መሽተት ሲጀምር ደርሷል ማለት ነው። መጠኑን ለማወቅ የአሸዋው ልክ የተለያየ ሦስት ቅልቅል ሥሪና በመዳፍ ስፋት ግድግዳው ላይ ለጥፊ። ሲደርቅ የተሰነጠቀው ሸክላ በዝቶበታል። ሲታሽ የሚረግፈው ደግሞ አሸዋው በዝቷል። የቀረው የአንቺ ነው። አሮጌውን ግድግዳ ውሃ እየረጨሽ ለጥፊበት፤ በደረቅ ላይ አይይዝም። ላዩን ኖራ ቀቢው። እንደ ወተት ቀጥኖ፣ አራት አምስት ጊዜ፣ ስስ ስስ አድርጎ። ኖራ የሚጠነክረው ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየወሰደ ስለሆነ ወፍራም አድርጎ አንዴ መገላገል አይሠራም። ዓይንሽን በመነጽር፣ እጅሽን በጓንት ሸፍኚ፤ ያቃጥላል። ውሃ ያልነካው ኖራ ከሆነ ደግሞ ውሃ ሲያገኝ ይፈላል፣ እሱን ያልለመደ ሰው አይንካው።

ልስኑ ተነስቶ ሳለ ቋሚዎቹን መርምሪ። እግራቸውን በጠመንጃ መፍቻ ውጊ። ጤነኛ እንጨት ከሆነ ይመልስሻል፤ ከገባ በስብሷል። እንደ ክር የተጋደመ የጭቃ መስመር ወደ ላይ ሲወጣ ካየሽ የምስጥ መንገድ ነው። የበሰበሰውን እግር ቆርጦ በጤነኛ እንጨት መቀጠልና ድንጋይ ላይ ማስቀመጥ ይቻላል፤ ግን አንድ በአንድ፣ ጣራው በድጋፍ ተይዞ። አዲሱ እንጨት አፈር አይንካ።

ኤሌክትሪኩን ባጭሩ። ልስን ሳይገባ በፊት በባለሙያ ይቀየር፤ አሮጌ ቤት ብዙውን ጊዜ ምድር ሽቦ የለውም። በ30 ሚሊ አምፔር የሚቆርጠውን የንዝረት መከላከያ ብሬከር ይግጠሙልሽ። የሽቦና የቧንቧውን መስመር ሜትር አስደግፈሽ ፎቶ አንሺው። እኔ ይህን ሳላደርግ ቀርቼ መደርደሪያ ልሰቅል ስል ቧንቧ በስቻለሁ።

አፍርሶ መሥራትስ? ስንጥቆቹን ተመልከቺ። እንደ ፀጉር የቀጠኑት የልስን ናቸው፣ እርሺያቸው። ከመስኮት ማዕዘን ተነስቶ በሰያፍ የሚወጣ፣ ወደ ላይ እየሰፋ የሚሄድ ስንጥቅ ካለ ጫፉ ላይ በእርሳስ ጭረት አድርጊና ቀኑን ጻፊበት። ከስድስት ወር በኋላ ጭረቱን ካላለፈ ቤቱ ተረጋግቷል። ካለፈ፣ ወይም በሮችሽ መዝጋት እምቢ ካሉ፣ መሐንዲስ ጥሪ። ቱምቢ (ጫፉ ላይ ክብደት የታሰረበት ክር) ጣዪና ግድግዳው ምን ያህል እንዳዘመመም እይ። እኔ ለማዳን የማደላ ሰው ነኝ፣ አልደብቅሽም። ግን ቋሚዎቹ ባብዛኛው የበሰበሱ፣ ግድግዳው ያዘመመ፣ ስንጥቁም የሚሄድ ከሆነ፣ ሦስቱም ባንድ ላይ ከመጡ፣ አልከራከርሽም።

ዛፉን አትቸኩዪበት። አፈርሽ ዝናብ ሲነካው የሚያብጥ፣ ሲደርቅ የሚሰነጠቅ ጥቁር ሸክላ ከሆነ ዛፉ ለዓመታት ውሃውን ሲጠጣለት ኖሯል። ድንገት ሲቆረጥ አፈሩ መልሶ ያብጥና መሠረቱን ከሥር ሊያነሳው ይችላል። ጣራው ላይ የተጋደሙትን ቅርንጫፎች አስቆርጪ፤ ለአሸንዳውም እረፍት ነው። የቀረውን የሚያውቅ ሰው አፈሩንና ሥሩን አይቶ ይወስን። ሥር ቧንቧ ውስጥ ገባ የሚባለውም ብዙ ጊዜ ቧንቧው ቀድሞ ተሰንጥቆ ውሃ ሲያንጠባጥብ ነው።

ስለ አትክልቱ አንድ ነገር ልጨምር። ግድግዳው ሥር ውሃ የሚጠጣ ተክል አታድርጊ። 50 ሴንቲ ሜትር ያህል ጠጠር አልብሺው። ብዙ ሰው ዙሪያውን አርማታ ያፈስበታል። እኔ አልወደውም፤ ከሥሩ ያለው እርጥበት መውጫ ሲያጣ ወደ ግድግዳው ይዞራል። በተለይ አሮጌ የዘይት ቀለም የረገፈበት አፈር ላይ የሚበላ ቅጠል አትትከዪ። የድሮ ቀለሞች እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ይገባባቸው ነበር፣ ለልጆች በጣም ክፉ ነው። አሮጌውን ቀለም ስትፍቂም በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት አይሁን፤ እያራስሽ ፍቂው።

ለወንድምሽ ደግሞ ቀለም ሊገዛ ባሰበው ገንዘብ ዶማ፣ አካፋና አንድ ጋሪ እንዲገዛ ንገሪው። ደጃፉ ላይ ከደረጃው ፊት ይጀምር። ስንት ደረጃ እንደወጣ ጻፊልን። ፎቶ ስትልኪም የሳሎኑን ሳይሆን የግድግዳውን እግር ከውጭ በኩል አንሺልኝ።